በማርቲንዴል ባሕሩ በየት በኩል ነው

«ከዚህ ቤት ባሕሩ በየት በኩል ነው?»

ይህን የጠየቁኝ አንዲት የፊሊፒንስ አሮጊት ናቸው። ካናዳ ውስጥ፣ ካልጋሪ ከተማ ማርቲንዴል በሚባል ሰፈር፣ የልጃቸው ኩሽና ደፍ ላይ ቆመው፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የለበሱትን የተውሶ ካፖርት ገና ሳያወልቁ። ውጭው በረዶ ነበር። እኔ ደግሞ የደጋ ሰው ነኝ፤ ባሕር አየሁ ካልኩ ከአውሮፕላን መስኮት ነው፣ ያውም ደመና ይሁን ውሃ ሳልለይ። የመጣልኝን መለስኩ።

«እዚህ አገር ባሕር የለም።»

ሳቁብኝ። «ባሕር የሌለው አገር የለም፣ ኢንዳይ። የሚቀርብና የሚርቅ ነው እንጂ። በየት በኩል ነው የሚርቀው?»

ኢንዳይ በእነሱ ቋንቋ እንደ እኛ «የኔ ልጅ» ነው። ካርታ ባየሁ ቁጥር ጥያቄው ትዝ ይለኛል። ካርታ ላይ ቀላል ነው። እሳቸው በጠየቁት መንገድ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን ማለት ነው፣ የተከራየሁት ከአሮጊቷ ልጅ ነበር። አከራዬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ባሏ ዳቦ ፋብሪካ ነው። ላይኛው ፎቅ አንዷን ክፍል የያዘው የአክስቷ ልጅ ደግሞ ሥራው በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ምን ይሠራል ቢሉኝ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሦስቱም የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው። በዚያው በእኛ መንገድ ላይ የዚያችው ከተማ ልጆች የያዟቸው ሌሎች ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ እሑድ ከሰዓት ሁሉም አከራዬ ኩሽና ይሰበሰባሉ፣ ሩዝ ይቀቀላል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ከተማዋም በወሬ እንደገና ትሠራለች። ማን የማን ልጅ ነው፣ የማን ጀልባ ተሸጠ፣ የትኛው ጣሪያ ነፋስ ወሰደው።

ከአማርኛው ጉባኤያችን አንዲት እህት ከማን ጋር እንደምኖር ስትጠይቀኝ «ከባሕር ዳር ሰዎች ጋር» ብያት ነበር።

«ውይ፣ ጎጃሜዎች ናቸዋ!»

«ፊሊፒኖ ናቸው።»

«ፊሊፒኖ?» ነጠላዬን ጠጋ ብላ አሸተተችው። «እኔኮ ዓሣ ዓሣ ያለኝ ምንድን ነው እያልኩ ነው። ሩም ስትፈልጊ ኮል አድርጊልኝ አላልኩሽም?»

ኮል አላደረግኩላትም። ቤቱ ተስማምቶኝ ነበር። ማታ ማታ ዳውንታውን ቢሮ አጸዳለሁ፣ ጠዋት አጠናለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የጀመረ ሰው አንድ ቃል ሳይገባው ካለፈ ከእጁ ላይ እንጀራ የተነጠቀ ያህል ይቆጨዋል። ስለዚህ ከላይ የሚወርደውን ወሬ እንኳ ሳላጣራ አላልፍም ነበር። በተለይ ሁለት ቃላት እረፍት ነሱኝ፤ ኢላዎድና ኢላያ።

«ጨው የታለ?» ስል «ከስኳሩ በኢላዎድ በኩል» ይሉኛል። ግራ ነው ቀኝ? እንደ እሱ አይባልም። ከተማቸው በባሕርና በተራራ መካከል የተጋደመች ጠባብ መሬት ናት። ወደ ባሕሩ ያለው ሁሉ ኢላዎድ ነው፣ ወደ ተራራው ያለው ሁሉ ኢላያ። ሰው አልጋው ላይ እንኳ ራሱን ወደ ኢላያ አድርጎ ይተኛል። ሚስት ባሏን «ወደ ኢላዎድ ጠጋ በል» ትለዋለች። ፊትህን አዙረህ ብትቆም ግራህ ቀኝ ይሆናል፤ ባሕሩ ግን ቦታውን አይለቅም፤ ይሉኛል። ሐሳቡ ደስ አለኝ። እኛም አገር «ወደ ላይ፣ ወደ ታች» እንላለን እንጂ መቼ ግራና ቀኝ እንቆጥራለን። ካልጋሪ ደግሞ አድራሻው ሁሉ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ለማንም ሰው እግር የማይመች።

ችግሩ ማርቲንዴል ላይ ነበር። አከራዬ «ባሕሩ በምዕራብ ነው፣ ስለዚህ ኢላዎድ ማለት ወደ ፍሪጁ ነው» ትላለች። የአክስቷ ልጅ ይነሳባታል።

«ተራራው በምዕራብ አይደለም እንዴ? በመስኮቱ እያየሽው! ተራራ ያለበት ኢላያ ነው።»

«ባሕሩ ከተራራው ወዲያ ነዋ።»

«ተራራ ተሻግረሽ የምታገኚው ባሕር የሰው ባሕር ነው። የኛ አይደለም።»

ይህ ክርክር እኔ ሳልመጣ የተጀመረ ነው፤ ስወጣም አላለቀም። በእሱ ምክንያት ጨውና ቢላዋ ዘወትር ይጠፉ ነበር፤ እሷ በኢላዎድ ስታስቀምጥ እሱ ኢላያ ሲፈልግ። ባልየው ሰላም ወዳድ ስለሆነ በከንፈሩ ብቻ ነው የሚያሳየው።

የከንፈሩን ነገር ልግለጽ። እነዚህ ሰዎች በጣት አይጠቁሙም። ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ወደ ነገሩ ይልካሉ፤ በሩ፣ ማንኪያው፣ የሚወራበት ሰው፣ ሁሉም በከንፈር ይታያል። «አዎ» ሲሉ ደግሞ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ድምፅ የለውም። እኔ በፊናዬ ሳዝን እንደ አገሬ ከንፈሬን እመጥጣለሁ። በገባሁ ሰሞን አከራዬ የአክስቷን ቤት ጣሪያ ማዕበል እንዴት እንደገነጠለው ስታወራ «ጭጭጭ» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ኩሽናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞሮ ፍሪጁን አየ።

«ምንድን ነው?» አለ የአክስቷ ልጅ።

«ምኑ?»

«ፍሪጁ። ፍሪጁ ምን ሆነ?»

ካስረዳኋቸው በኋላ ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ያልታደለ ሰው ታሪክ በተነሳ ቁጥር አንዱ «ኢንዳይ፣ ፍሪጁን እንየው ወይስ ይቆይ?» ይላል።

አሮጊቷ ወደዚህ ቤት የመጡት በበረዶው ወራት ነው፣ ልጃቸውን ለማየት። መንገዱን ሙሉ ወደ ካልጋሪ የሚመለስ የአገራቸው ሰው አብሯቸው ነበር። ቤተሰቡ «ናናይ» ይላቸዋል፤ እማዬ ማለት ነው። እኔም ናናይ አልኳቸው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር። እሳቸው የተማሩት አሜሪካኖች አገራቸውን በያዙበት ዘመን፣ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ግን ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል በእጅ የታጠበ የሚመስል ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም፤ እዚህም የጻፍኩት እንደዚያው ነው።

ሌላው ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ እኔና እሳቸው እንቀራለን። እሳቸው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኔ ደብተሬን ዘርግቼ አጠናለሁ። የእኔ «አዎ» ያስደስታቸው ነበር። እኛ አዎ ስንል ትንፋሻችንን ሳብ እናደርግ የለ፤ ላይ ቤት ሰዎች ደነገጠች እያሉ ይስቁብኛል። እሳቸው ግን «ያንቺ አዎ ይሰማል፤ ጥሩ አዎ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

የገባኝ አንድ እሑድ ነው። ጎረቤቶቹ መጥተዋል፣ ጠረጴዛው ሞልቷል። ስለ አንድ አጥማጅ እየተወራ ነበር፤ ሕፃን ሳለ የዓሣ አጥንት አንቆት ስለነበረ ዓሣ በአፉ የማይዞር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠምድ የኖረ፤ ከተማው «ዓሣ ፈሪው» የሚለው። በመጨረሻ እጁን የመርከብ ገመድ ቆረጠው አሉ። ረስቼ ከንፈሬን መጠጥኩ። ሁሉም በልማድ ወደ ፍሪጁ ዞሩና ሳቁ። ናናይ ብቻ ወደ ፍሪጁ አልዞሩም። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እኔ፣ ድምፁ ወደ መጣበት ነው።

ትንሽ ቆይቶ አከራዬ ለእናቷ ማንኪያውን በከንፈሯ አሳየቻቸው። ናናይ ፈገግ ብለው እጃቸውን ሳይዘረጉ ቀሩ። ደገመችላቸው።

«አፍ ያለው ሰው በቃል ይናገር» አሉ ናናይ። «ኢላዎድ ነው ኢላያ?»

«ናናይ! ራስሽ ያስተማርሽንን ረሳሽው?»

«ካናዳ ስትመጣ ሥልጡን ሆነች» አለ የአክስቷ ልጅ፤ ሳቅ ሆነ። ናናይም ሳቁ፤ እየሳቁም ለአክስቷ ልጅ በሩን በከንፈራቸው አሳዩት፤ ውጣልኝ ማለታቸው ነው። ይልካሉ፣ አይቀበሉም። ይህን ልብ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ልብ ያልኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ የእነሱን ምልክት እንደ ትምህርት ስለማጠናው ነው። ለእነሱ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ማንም አያጠናም።

በማግሥቱ ጠዋት ከፊታቸው ቆሜ፣ ምንም ሳልናገር፣ ማንቆርቆሪያውን በከንፈሬ አሳየኋቸው። ዓይናቸው እኔው ላይ ነው።

«ኢንዳይ» አሉ ቆይተው፣ «ትንፋሽሽ ይሰማኛል። ለምን አትናገሪም?»

«ናናይ፣ አያዩም እንዴ?»

ሽንኩርቱን አስቀመጡ። «መስኮቱን አያለሁ» አሉ። «መስኮቱ ላይ ያለውን አላይም።»

ያገራቸው ትልቅ ከተማ ያለ ሐኪም አይቷቸዋል። የሚመለስ አይደለም ብሏቸዋል። ለልጃቸው አልነገሩም። ልጃቸው የከተማዋ ቅድስት በዓል በሚከበርበት በግንቦት እመልስሻለሁ ብላ ቃል ገብታላቸዋለች፤ ይህን ካወቀች ግን አትለቃቸውም። እዚሁ ታስቀራቸዋለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መስኮቱ ሥር ታስቀምጣቸዋለች።

«አደራ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የለም። እሳቸው ያሉኝ «አትንገሪያት» ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት ግን አደራ ነበር፤ ለዚህም ነው የተሸከምኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ከተማቸው ሲያወሩልኝ የሚያወሩበት መንገድ ተለየብኝ፤ ወይም እስከዚያ ድረስ አልሰማሁት ይሆናል። በአፋቸው ቀለም አልነበረም። ላይ ቤት ያሉት ሲያወሩ ሰማዩ ቀይ ነበር፣ ጀልባው ሰማያዊ ነበር ይላሉ። ናናይ ከቤታቸው እስከ ባሕሩ የሚወስዱኝ በጆሮና በአፍንጫ ነው። ሲወጡ የኮኮናት ማድረቂያው ጭስ አለ፤ ያ ኢላያ ነው። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ፣ የመኪናዋ እግር አንድ ቦታ ላይ ይንቀጫቀጫል። ጠዋት ጀልባ ዓሣ ይዞ ሲገባ ትልቅ ዛጎል ይነፋሉ፤ የሰማ ሁሉ ሳህን ይዞ ይወርዳል። ከሰዓት የሬዲዮ ድራማ አለ። ድራማውን ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ስለሚከፍተው መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አንድ ቃል አያመልጠውም፤ ባልየው አንዱ መስኮት ላይ መካድ ይጀምራል፣ የሚቀጥለው መስኮት ላይ ይጋለጣል፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሲደርሱ ሚስቲቱ እያለቀሰች ነው። ከዚያ የበሰበሰው የቀርከሃ ሽታ፣ የሚደርቀው ዓሣ፣ እግር ሥር አሸዋ።

በየመስኮቱም ሰው አለ። ሰው ሲያልፍ «ወዴት ነው?» ይሉታል። ሰላምታ ነው። መልሱ አንድ ነው፤ «እዚሁ ነው።» ገበያ ብትሄድ፣ ለቅሶ ብትሄድ፣ ፍቅረኛህ ዘንድ ብትሄድ፣ «እዚሁ ነው»። የጠየቀህም ሌላ አይጠብቅም።

«ወሬ ፍለጋ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ለአንቺ ወሬ ነው። ለእኔ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወዴት ነው ስትለኝ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሲጠይቀኝ መታጠፊያው ደርሷል። ስንት ዓመት እንደዚህ ሄድኩ፣ አንድ ሰው አላወቀብኝም። እዚህ ግን ማን ይጠይቀኛል? ጎረቤቱ ሁሉ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ካልጠየቁኝ የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ?»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። እዚያ ያያሉ ማለት ይቻላል። ዓይናቸው የጠፋው ካልጋሪ ነው።

በጥር አንድ ቀን ሺኑክ ገባ። ሺኑክ ከተራሮቹ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው፤ በአንድ ጠዋት በረዶውን አቅልጦ መንገዱን ጎርፍ ያደርገዋል። እኔ ቤዝመንት ውስጥ ባዮሎጂ እያጠናሁ ነበር። የቤዝመንት መስኮት ከመሬት እኩል ስለሆነ ዓለምን የማየው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። የናናይ እግሮች አለፉ። የልጃቸውን የፕላስቲክ ጫማ አድርገዋል፤ በእጃቸው በጨው የተነከረ ዓሣ ያለበት ሳህን መሆን አለበት፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ዓሣ ሊያደርቁ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ቀጥ ብለው ሄዱ፤ አንድም አልተደናቀፉም።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ሺኑክ እንዲህ ነው፤ ሰው እንደሚያወራ ትንፋሽ ይወስዳል። እግሮቹ ቆሙ። ወደ አጥሩ ዞሩ፣ ተመለሱ። ወደ መንገዱ ዞሩ። እንደገና ዞሩ። መሬቱ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ በረዶ ነበር።

ወጥቼ እጃቸውን ብይዝ፣ ጎረቤታችን ሴትዮ በመስኮት ታይ ነበር፤ እሷም የአገራቸው ሰው ናት፣ ማታውን ለአከራዬ ትነግራታለች። መስኮቱን ከፈትኩና የያዝኩትን መጽሐፍ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አበባ ክፍሎች ነበር። እንዴት እንደሚዳቀል፣ ንቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። እግሮቹ አንድ ጊዜ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ፤ ቀስ እያሉ፣ ግን ሳይሳሳቱ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አጎነበሱ።

«ኢንዳይ፣ አበባው በስንተኛው ወር ይወልዳል?»

«ገና ምዕራፉ አላለቀም።»

«አንብቢ በይ፣ ዓሣዬን ልዘርጋ።»

ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ከተራራው አልኩ። ከተራራውስ ወዲያ? ባሕር ነው፣ ነፋሱ የሚነሳው እዚያ ነው፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ስለዚህ ልጄም ልክ ናት፣ ያ ባለጌም ልክ ነው» አሉ። «እዚህ አገር ባሕሩ ከተራራው ጀርባ ተደብቋል። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይተወኛል። እንዲህ ያለ ባሕር አይታመንም።»

ግንቦት ሲቃረብ የጉዞው ቀን ተቆረጠ። ናናይ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ቫንኩቨር ላይ አውሮፕላን ይለውጣሉ፣ ማኒላ ላይ ሌላ ይለውጣሉ፣ ከዚያ የእህታቸው ልጅ ይቀበላቸዋል። አከራዬ አንድ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ደረጃው ላይ አቆመችኝ።

«አንቺ ነሽ ቀኑን አብረሻት የምትውዪው። ናናይ ብቻዋን ትችላለች?»

ናናይ ከጀርባዋ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«መንገዱን ያውቁታል» አልኩ።

አከራዬ ቅንድቧን አንስታ ሄደች። ቢላዋው ቀጠለ። ያልኩት ትክክል ነበር፤ ስለ ከተማዋ። ስለ ቫንኩቨር ግን የሚለው ነገር አልነበረም፤ እኔም ይህን አውቄ ነው ያልኩት። ብናገር ይቀራሉ፣ ዝም ብል ደግሞ ማንም ወዴት ነው በማይልበት ትልቅ አዳራሽ መሐል እንደዚያ ቀን እግሮቻቸው ሲዞሩ ይታየኛል። ያን ሰሞን ያጠናሁት አልገባኝም። የባዮሎጂ ፈተናውን ደግሜ ነው ያለፍኩት።

የሚሄዱበት ቀን እኔም ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ሄድኩ። የሦስቱም ቤት ሰዎች መጥተው ነበር። በገመድ የተጠፈሩት ካርቶኖች ተመዘኑ፣ ሄዱ። ሁሉም ናናይን አቅፎ፣ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አስነክቶ ተሰናበተ። ተሳፋሪ ብቻ የሚያልፍበት በር ፊት ለፊት ነው፤ ከሱ ጎን ሌላ በር አለ፣ ከሱም ጎን ሌላ። አከራዬ የእናቷን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አስተካከለችና ከንፈሯን አሞጥሙጣ በሩን አሳየቻቸው።

ናናይ ፈገግ ብለው ቆሙ።

«ሂጂ እንጂ ናናይ» አለችና እንደገና አሳየቻቸው።

«ዛሬ ደግሞ ካልጋሪ ጣፈጠቻት!» አለ የአክስቷ ልጅ። ሳቁ። ናናይ የሳቁን ድምፅ ተከትለው ግማሽ እርምጃ ተራመዱ፣ ወደ እኛ፣ ከበሩ ተቃራኒ። ቆሙ።

«ከንፈርሽ አይታያቸውም» አልኩ።

«ምን?» አለች አከራዬ።

«ከንፈርሽ አይታያቸውም። በሩም አይታያቸውም። ብርሃን ብቻ ነው የሚያዩት። ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ነው፤ ሐኪም አይቷቸዋል፣ አይመለስም ብሏል።»

አከራዬ እናቷን አላየችም፤ እኔን አየች። «ማን ያውቃል?»

«እሳቸውና እኔ።»

«አንቺ? ደብተርሽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ካልተስተካከለ እንቅልፍ የማይወስድሽ ሴት?» ቦርሳውን ከእናቷ ትከሻ ላይ ወሰደችው። «አትሄድም። ወደ መኪናው እንመለስ።»

 የናናይ ፊት ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ ትንፋሼን እያዳመጡ እንደሆነ አወቅሁ። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን መተው አልቻልኩም።

«እዚያ በየመስኮቱ ወዴት ነው ይሏቸዋል» አልኩ። «ልብስ ሰፊዋ ስትጠይቃቸው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እንደሆኑ ያውቃሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሲጠይቃቸው መታጠፊያው ነው። በዚህ ነው የሚሄዱት። እዚህ የሚጠይቃቸው የለም። መስኮት ሥር ብታስቀምጫቸው መስኮቱን ብቻ ነው የሚያዩት።»

 ጎረቤታችን ሴትዮ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ከልብስ ሰፊዋ ቀጥሎ የኛ ቤት ነው» አለች። «እናቴ መስኮቱ ላይ ነው የምትውለው።»

«ከናንተ በፊት ዳቦ ጋጋሪው አለ» አለ የአክስቷ ልጅ።

«ዳቦ ጋጋሪው ወደ ኢላያ ተዛውሯል።»

«ልጁ ግን አለች። ልጁ ትጠይቃለች።»

«ፀጉር አስተካካዩ ሲታመም?»

«ሚስቱ ትጠይቃለች። እሷማ ሳይታመምም ትጠይቃለች።»

እንዲህ እያሉ፣ በእንግሊዝኛም በቋንቋቸውም፣ በየመስኮቱ እየተጨቃጨቁ እስከ ባሕሩ ወረዱ። ሰው የሌለበት መስኮት አላገኙም። አከራዬ ቦርሳውን እንዳቀፈች ትሰማ ነበር። ሲጨርሱ ወደ አየር መንገዱ ባንኮኒ ሄዳ ረጅም ጊዜ አወራች። ስትመለስ ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ሴት አብራት ነበረች። እስከ ቫንኩቨሩ አውሮፕላን በር ድረስ ሰው አይለያቸውም፤ ቫንኩቨር ሲወርዱም ሌላ ሰው ይቀበላቸዋል፤ ማኒላም እንደዚሁ፤ አለች። ለእኔ አልነበረም የነገረችው። ለእናቷም በቀጥታ አልነበረም።

ቦርሳውን መልሳ ትከሻቸው ላይ አደረገችው። ናናይ የወጣቷን ክንድ ያዙ፤ በሌላው እጃቸው አየሩን ዳሰስ አድርገው የልጃቸውን ፊት አገኙ፣ ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ነኩት። ከዚያ ዞረው ሄዱ። ወደ ኢላዎድ ይሁን ወደ ኢላያ እኔ አላውቅም።

በሩ ዘንድ ሲደርሱ አከራዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳትጨነቅበት፣ በመስኮት እንደሚጮኽ ሰው ጮኸች።

«ናናይ! ወዴት ነው?»

ዘወር አላሉም። እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ።

«እዚሁ ነው» አሉ።